የእንስት ውሾች የብልት ዕጢና የቀዶ ሕክምናው ታሪክ

በእንስት ውሾች የመራቢያ አካላት ላይ ከሚታዩት ዕጢዎች መካከል በሕክምና ታሪክ ልዩ ስፍራ የያዘው ተላላፊው የአባላዘር ዕጢ ነው። ዕጢው በብልት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የአበባ ጎመን መልክ ይዞ ያድጋል፤ ሲነካ በቀላሉ ይደማል፤ በአብዛኛው የሚተላለፈውም በግንኙነት ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዴላቤር ብሌን እ.ኤ.አ. በ1810 ስለዚህ ሕመም ጽፎ ነበር። በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ዕጢ በመሆኑ ቆርጦ ማውጣት ቀዳሚው መፍትሔ መስሎ መታየቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ዕጢው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት መንገድ የከፈተው ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ ነው። ኖቪንስኪ በሴንት ፒተርስበርግ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ሙከራ፣ ከታመመ ውሻ የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ በጤነኛ ውሻ ገላ ውስጥ ሲቀመጥ ሥር ሰዶ እንደሚያድግ አረጋገጠ። ይህ ሥራ በዕጢ ንቅለ ተከላ ታሪክ እንደ ፈር ቀዳጅ ይቆጠራል። ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ጀርመናዊው አንቶን ስቲከር ዕጢውን በስፋት አጠና፤ የሚተላለፈውም በሕያዋን ሕዋሳት አማካይነት መሆኑን አሳየ። ዕጢው እስከ ዛሬ «የስቲከር ሳርኮማ» ተብሎ የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ግኝት ለቀዶ ሐኪሙ የሚተርፈው ትምህርት ከባድ ነው። ኖቪንስኪ ሆን ብሎ የፈጸመውን ንቅለ ተከላ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ቀዶ ሐኪም ሳያውቀው ሊፈጽመው ይችላል። በምላጩ ወይም በጓንቱ ላይ የቀሩ ሕያዋን ሕዋሳት ትኩስ ቁስል ካገኙ በዚያው ይበቅላሉና። በእንስት ውሾች ዘንድ ችግሩን የሚያባብሰው የአካሉ አቀማመጥ ነው። ወደ ዕጢው ለመድረስ አንዳንድ ጊዜ የብልትን አፍ በቀዶ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ዕጢው በሽንት ቧንቧ አፍ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሰፊ ጤናማ ሥጋ ጨምሮ ማውጣት አይቻልም። ማሕፀንንና እንቁላል እጢዎችን ማውጣትም የወደፊት መተላለፍን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ በብልት ውስጥ ያለውን ዕጢ አያድንም።

የስቲከር መደምደሚያ በዘረመል ጥናት የጸናው ከመቶ ዓመት በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በተለያዩ አገሮች ያሉ ዕጢዎች ከተሸካሚዎቻቸው ውሾች ሳይሆን ከአንድ ጥንታዊ ውሻ ሕዋስ የወረዱ መሆናቸውን አረጋገጠ። በ2019 ደግሞ ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 ዕጢዎች ተመርምረው፣ ያ የመጀመሪያው ዕጢ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመታት በፊት በእስያ እንደተነሣ ተገምቷል።

የሕክምናውን አቅጣጫ የለወጠው ግን ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ነው። በየሳምንቱ በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹ ውሾች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በመሆኑም ዛሬ የቀዶ ሕክምና ድርሻ በዋናነት ናሙና መውሰድና ጥቂት፣ ትንንሽና ለምላጭ የተመቹ ዕጢዎችን ማስወገድ ሆኗል።

ይህ ታሪክ ሰውን ለሚያክም ሐኪምም ባዕድ አይደለም። ዕጢን ሳይበትኑ ማውጣት፣ ዕጢ የነካውን መሣሪያና ጓንት ቁስል ከመዝጋት በፊት መለወጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላጭ ከማንሣት አስቀድሞ የሕመሙን ባሕርይ ማወቅ ለሁለቱም ሙያዎች የጋራ ሕግ ነው።