ትእዛዝ ከላይ፣ ወጪ ከታች

ባለፈው ዓመት ከአንድ ቢሮ ደብዳቤ ደረሰን፤ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት ጀምሩ ይላል። «ጠመኔውስ? የአስተማሪውስ ትራንስፖርት?» ብንል «በራሳችሁ ተወጡት» ተባልን። እዚሁ ካርቲየ 6 አዋጥተን ጀመርን። ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርሰው የቀረሁት የታሪክ ትምህርት እንዲህ ሲሆን ነው ትዝ የሚለኝ። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሮ ድርጎ የሚባል ነበር። ንጉሡ እንግዳ ሲመጣበት «አብሉት፣ አጠጡት» ብሎ ያዛል፤ እንጀራውንና በጉን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ግን በመንገዱ ያለው ገበሬ ነው። በ1841 ከዚህ ከባሕሩ ማዶ፣ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሄደው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ስለ ድርጎ ጽፏል። እንግዳው ንጉሡን ያመሰግናል፤ ገበሬውን ማን ያስታውሰዋል?

የወታደሩ ደግሞ ይብስ ነበር። ገበሬው ቤት ገብቶ እየተቀለበ ይቀመጣል። ምኒልክ በ1892 አስራት የደነገጉት ይህን ለማስቀረት ነው፦ ከአስር አንዱ ለሠራዊቱ ስንቅ ይሁን፣ ወታደሩ ከገበሬው ቤት ይውጣ። በየቦታው እኩል ተከበረ ማለቴ ግን አይደለም።

ለትምህርት ቤት በ1947 አዋጅ ቁጥር 94 ወጣ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተጻፈ፤ እንደ መሬቱ ለምነት የትምህርት ግብር ተጣለ። ባለ መሬቱ ይክፈል ቢባልም ብዙ ቦታ ጭሰኛው ላይ ነው የወረደው።

በነገራችን ላይ በጀት የምንለው ቃል መነሻው ፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበር። እኛ ደብዳቤው ደረሰን፣ ከረጢቱ ቀረ።

ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፤ አንቀጹም 94 ነው፣ ቁጥሩ መግጠሙ ይገርማል። ፌዴራሉም ክልሉም የየራሱን ሥራ ወጪ ይችላል፤ ሥራውን በውክልና ለክልል የሰጠ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። አሜሪካኖችም በዚያው በ1995 ለክፍለ ግዛቶቻቸው ገንዘብ የሌለው ግዴታ እንዳይበዛ ሕግ አውጥተዋል።

በታኅሣሥ 2017 የኢጋድ አገሮች እዚሁ ጅቡቲ ተሰብስበው የስደተኛው ልጅ በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ይግባ ብለው ፈረሙ። ጥሩ ቃል ነው። በየክፍሉ ስንት ልጅ እንደሚጨመር እኛ እንቆጥራለን፤ ወንበሩን የሚገዛው ማን እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ እጠይቃለሁ።