ድህነት በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን ዘንድ፦ መንስኤውና በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና

ድህነት የሚበላ ማጣት ብቻ አይደለም። አባትና እናት እየሠሩም የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርትና የመብራት ሒሳብ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ቤተሰቡ ድህነት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በእስራኤል የድህነት መስመር የሚሰላው ከመካከለኛው ገቢ በመነሣት ነው። መካከለኛ ገቢ የሚባለው ግማሹ ሕዝብ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ደግሞ ከዚያ በታች የሚያገኝበት መጠን ሲሆን፣ የቤተሰቡ ቁጥር ተሰልቶ የተጣራ ገቢው ከዚህ መጠን ግማሽ በታች የሆነ ቤተሰብ እንደ ድሃ ይቆጠራል። ብሔራዊ መድን (ቢቱዋህ ሌኡሚ) በሚያወጣቸው የድህነት ዘገባዎች ኢየሩሳሌም ችግሩ ከበረታባቸው ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት። በተለይ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በሚኖሩ ፍልስጥኤማውያንና ብዙ ልጆች ባሏቸው የሐሬዲ ቤተሰቦች ዘንድ ይበረታል።

ኢትዮጵያውያን በዚህች ከተማ ድህነትን በሁለት መልክ ያውቁታል። አንዱ በድሮው ከተማ ለዘመናት የኖረው የገዳም ማኅበረሰብ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ከ1980ዎቹ ወዲህ የገቡት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ኑሮ ነው። ሃይማኖታቸውም ታሪካቸውም ይለያያል፤ የችግሩ ሥር ግን ይመሳሰላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዴር ሱልጣን መነኮሳትና የኢትዮጵያ ጎዳና ቤቶች

ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጎለጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸው ይዞታ ነበራቸው። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ግን የሚጠየቁትን ግብር መክፈል እያቃታቸው፣ ከአገራቸውም ርዳታ እየራቀባቸው ይዞታቸውን አንድ በአንድ አጡ። የቀራቸው በቅድስት ሄለና ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን ነው። በ1838 በከተማዋ የገባው ወረርሽኝ ብዙዎቹን ፈጀ፤ የብራና መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ። ከተቃጠሉት መካከል የይዞታ ማስረጃዎች እንደነበሩበት በማኅበረሰቡ ዘንድ ይነገራል። ሰነድ የሌለው ሰው መብቱን ማስከበር ይቸግረዋልና፣ የተረፉት መነኮሳት ከአርመን ገዳም በሚሰጣቸው ምግብ እስከ መኖር ደረሱ።

ከዚያ ችግር ያወጣቸው የአንድ ቀን ምጽዋት አልነበረም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድሮው ከተማ ቅጥር ውጭ መሬት ገዝተው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ሥራው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን ጨምሮ ነገሥታትና መኳንንት ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድና በአቅራቢያው ባለው የነቢያት ጎዳና ቤት ገዙ፣ አሠሩም። ከቤቶቹ የሚገኘው ኪራይ የገዳሙ ቋሚ መተዳደሪያ ሆነ። መነኮሳቱ ዛሬም በዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ በጠባብ ጎጆዎች ይኖራሉ፤ ነገር ግን በሰው እጅ ከማደር ወጥተዋል።

የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የድህነት መንስኤዎች

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች በሱዳን በኩል ገቡ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ዛሬ የማኅበረሰቡ ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ ነው። ብዙዎቹን ቤተሰቦች ለድህነት ያጋለጡት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

የሙያ መቋረጥ፦ በጎንደርና በትግራይ ገጠር አባወራው ገበሬ፣ አንጥረኛ ወይም ሸማኔ፣ እናት ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህ ሁሉ ዕውቀት በእስራኤል የሥራ ገበያ ዋጋ አላገኘም። በአርባ ዓመቱ የመጣ ሰው ከዜሮ ጀመረ።

ቋንቋና ትምህርት፦ አብዛኞቹ አዋቂዎች ሲገቡ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በኡልፓን ያገኙት ዕብራይስጥ ለሰላምታና ለገበያ ቢበቃም፣ ውል ለማንበብና የሙያ ኮርስ ለመውሰድ አልበቃም። ስለዚህ የጽዳት፣ የጥበቃና የፋብሪካ ሥራ ዕጣ ፈንታቸው ሆነ። ብዙው ሥራ በኮንትራት ድርጅቶች በኩል የሚገኝ በመሆኑ ቋሚነት ይጎድለዋል።

የመኖሪያ ቦታ፦ ቤተሰቦቹ መጀመሪያ በመርከዝ ክሊታና በካራቫን መንደሮች ኖሩ። በኋላ መንግሥት በልዩ ማሽካንታ ቤት እንዲገዙ ረዳቸው። ገንዘቡ የሚበቃው ግን ቤት ርካሽ በሆነባቸው፣ ሥራም ጥሩ ትምህርት ቤትም በሚያጥርባቸው ሰፈሮች ነበር። ቤቱ ተገኘ፤ ዕድሉ ግን ራቀ።

መድልዎ፦ በ2012 መጀመሪያ በቂርያት ማላኺ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ሲሰማ በኢየሩሳሌም ሰልፍ ተደርጓል። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ መድልዎው መኖሩን በዘገባው አረጋግጧል።

የቤተሰብ መበተን፦ በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ ወደ 4 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ሞተዋል፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ብዙ ልጆች ያለ አባት ወይም ያለ እናት ደረሱ። ጎንደርና አዲስ አበባ ለቀሩ ዘመዶች የሚላከው ገንዘብም ከጠባቡ ደመወዝ ላይ የሚነሣ ነው።

የድጎማ መቀነስ፦ በ2003 መንግሥት የልጆችን አበል ሲቀንስ ብዙ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ከሁሉ በላይ ተጎዱ።

በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና

ከገንዘብ እጥረቱ ይልቅ ብዙ ቤት ያናጋው የቦታ መለዋወጥ ነው። ልጅ ዕብራይስጡን ቶሎ ይይዛል፤ ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ለአባቱ የሚያነበው፣ በክሊኒክ ለእናቱ የሚያስተረጉመው እርሱ ነው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የእናቷን ሕመም ለሐኪም ስትናገር መስማት የሌለባትን ትሰማለች። አባትም በልጁ ፊት አፉን የሚፈታ ሕፃን ይመስላል። ቃሉ የማይደፈር የነበረ አባወራ ሥራውንም ክብሩንም ሲያጣ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ወደ መጠጥ ያዘነብላል፤ በቤት ውስጥ ጠብና ዱላ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ድሮ ባልና ሚስትን ያስታርቁ የነበሩት ሽማግሌዎች በየከተማው ተበትነዋል፤ ቃላቸውም የቀድሞው ክብደት የለውም።

በልጆች ላይ ያለው ጫናም ከባድ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ፕኒሚያ ገብተው ከወላጆቻቸው ርቀው አደጉ። ቤት የቀሩት ደግሞ የጥናት ቦታ በሌለበት ጠባብ ቤት፣ ለተጨማሪ ትምህርት የሚከፈል ሳይኖር ይማራሉ። ወደ ሠራዊት የገባ ወጣትም ቤቱ ስለተቸገረ በዕረፍት ቀኑ ሥራ ይፈልጋል።

የሚረዱ መንገዶች

ቤተሰቡ ሳያውቀው የሚያልፈው መብት ብዙ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ወላጆች ከግብር ባለሥልጣን የሥራ ድጎማ (ማዓናክ አቮዳ) መጠየቅ ይችላሉ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች የአርኖና ቅናሽ ያገኛሉ። ቤተሰቡ የተቸገረ ወታደር ታሽማሽ የተባለውን ክፍያ በክፍሉ ባለችው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ በኩል ይጠይቃል። ለሕክምና የጤና ሚኒስቴር በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ስለሚያቀርብ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።

ማኅበረሰቡ ራሱ ይዞት የመጣውም አለ። ሴቶች ዛሬም በእስራኤል እቁብ ይጥላሉ። ዕጣው ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ገንዘብ ለሰርግ፣ ለቤት ዕቃ ወይም ለዕዳ ይውላል፤ የወር ደመወዝ በጭራሽ የማያጠራቅመውን እቁቡ ያጠራቅማል።

የኢትዮጵያ ጎዳና ቤቶችና የእናቶች እቁብ በመጠን አይመጣጠኑም። የሚያሳዩት ግን አንድ ነገር ነው። ድህነት ከስንፍና ሳይሆን ገቢን የሚያስገኝ ነገር ከእጅ ሲወጣ ይመጣል፤ የሚለቀውም የዕለት ጉርሻ ሲሰጥ ሳይሆን ቋሚ ገቢ ሲተከል ነው። ወላጅ ቋንቋውን ተምሮ፣ መብቱን አውቆ በቋሚ ሥራ ሲቀጠር ገቢ ብቻ አይደለም የሚመለሰው፤ ልጅም ወደ ልጅነቱ፣ አባትም ወደ አባትነቱ ይመለሳል።