ቁማር ማሊያ የለበሰበት ታሪክ



ከኢስላም በፊት የነበሩ ዐረቦች ግመል ያርዱና ሥጋውን በመደብ ይከፋፍሉ ነበር። ከዚያ ምልክት ያለባቸውን አሥር ቀስቶች እየመዘዙ ዕጣ ያወጣሉ። ሰባቱ ድርሻ አላቸው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ያሸነፈው ሥጋውን ለድሃ ሰጥቶ በለጋስነቱ ይፎክራል። መይሲር ይህ ነበር። ሱረቱል በቀራ (2፡219) ጥቅም እንዳለው ሳይክድ ኃጢአቱ እንደሚበልጥ ነገራቸው። ሱረቱል ማኢዳ (5፡90-91) ደግሞ ከኸምር ጋር አንድ ላይ ከለከለው።

ልብ በሉ! ቁማር ያኔም ራቁቱን አልመጣም፤ የደግነት ልብስ ለብሶ ነበር። በዘመናችን የለበሰው ማሊያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፉልሃም የቤትፌርን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ሜዳ ገባ። በፕሪምየር ሊግ የውርርድ ድርጅትን በማሊያው ያስተዋወቀ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። የ2005ቱ የብሪታንያ የቁማር ሕግ በ2007 ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የቴሌቪዥን ማስታወቂያው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ማሊያዎቹን የሞሉት ድርጅቶች ብዙዎቹ ዓይናቸው እንግሊዝ ላይ ሳይሆን እስያ ላይ ነበር። ጨዋታው ዓለምን ስለሚዞር ማስታወቂያውም አብሮ ይዞራል። በ2017 የኬንያው ስፖርትፔሳ ኤቨርተን ደረት ላይ ደረሰ። የእኛም ሊግ ከናይጄሪያው ቤትኪንግ ስም ጋር ሲጠራ ሰምተናል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አስሉት። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ቡድኖች ቤቲንግ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 1.90 ኦድ ሰጠ እንበል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ 100 ብር አስያዙ። 200 ብር ገባ፤ ለአሸናፊው 190 ወጣ። ማንም ያሸንፍ ማን 10 ብሩ የድርጅቱ ነው። የክለቡ የስፖንሰር ገንዘብ የሚቆረሰው ከዚያች 10 ብር ነው። ማለትም ተሸናፊው ወጣት የሚወደውን ክለብ ማስታወቂያ ራሱ ይከፍላል።

እምቢ ያለ አልጠፋም። በ2006 የሴቪያው ማሊያዊ አጥቂ ፍሬድሪክ ካኑቴ፣ ሙስሊም በመሆኑ የኢንተርኔት ቁማር ስም ያለበትን ማሊያ አልለብስም ብሎ ጽሑፍ የሌለው ተሰጠው። በኋላ ለኢስላማዊ በጎ አድራጎት ገንዘብ እንዲሰጥ ተስማምቶ እንደለበሰው ተዘግቧል። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። እምቢታው ከእግር ኳሱ አላጎደለውም።

ዛሬ አውሮፓውያኑ ራሳቸው እየሸሹት ነው። ጣሊያን በ2018 ባወጣችው ሕግ የቁማር ማስታወቂያና ስፖንሰርን አገደች። ስፔን ከ2021-22 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከማሊያ አስወጣችው። የፕሪምየር ሊግ ክለቦችም በ2023 ተሰብስበው ከ2025-26 ማብቂያ በኋላ ከማሊያ ፊት ሊያነሱት ተስማሙ። ስምምነቱ ግን እጅጌውንና የሜዳውን ዳር አይነካም። ቁማር አሁንም ልብስ እየቀየረ ነው።

እነርሱ ይህን ያደረጉት ልጆቻቸው ሲጎዱ ስላዩ ነው። እኛ ዘንድ ክልከላው ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኳሱን እንመልከት፤ ክለባችንንም እንውደድ። ደረቱ ላይ የተጻፈው ግን ለሪዝቃችን በር እንዳይመስለን።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን።