የቪዲዮ ክለሳ፦ የመጀመሪያዋን ደቂቃ መልሶ ማየት

የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች «ቪዲዮ ዲብሪፊንግ» የሚሉት አሠራር አለ። እዚህ «የቪዲዮ ክለሳ» እንለዋለን። ሕፃን ተወልዶ አልተነፍስ ሲል አዋላጇና ሐኪሙ የሚሠሩትን፣ ሕፃኑ ከተኛበት ጠረጴዛ በላይ በተሰቀለ ካሜራ መቅረጽ ነው፤ ኋላ ጥድፊያው ጋብ ሲል ደግሞ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ቁጭ ብለው ፊልሙን እየተመለከቱ ምን በደንብ እንደተሠራ፣ ምን እንደዘገየ፣ ምን እንደተዘለለ ይነጋገራሉ። ካሜራው የሚያየው ሕፃኑንና እጆችን ነው። የእናቲቱን ገላ አያይም፤ የባለሙያው ፊትም አያስፈልገውም።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ መነሣት ይሻላል። ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ያለ ማንም እርዳታ አልቅሰው ይተነፍሳሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ በደንብ ሲደርቁና ጀርባቸው ሲታሽ ይነቃሉ። ጥቂቶቹ ግን በጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት፣ የሆስፒታል ሰው «አምቡ ባግ» በሚለው፣ ሳንባቸው ውስጥ አየር ካልገባላቸው አይተርፉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር የጀመረውና ወደ ኢትዮጵያም የገባው «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተሰኘ ሥልጠና ይህችን ጊዜ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ማነቃቃት፣ ካስፈለገ የአየር መንገዱን መጥረግ፤ አሁንም ካልተነፈሰ አምቡ ባግ መጀመር። ይህ ሁሉ በ60 ሰከንድ ውስጥ ነው። ከዚያ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ትንፋሽ መስጠት ይቀጥላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው፣ ብርድ ልብስ በሚሠራ ፋብሪካዋ በምትታወቀው ደብረ ብርሃን ማድረቁና ማሞቁ ብቻውን አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እርጥብ ሕፃን በዚያ ብርድ ሙቀቱን ለማጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ ኢንፌክሽንና በወሊድ ጊዜ መታፈን ናቸው። ክለሳው በይበልጥ የሚመለከተው ይህን የመጨረሻውን ነው።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ ያለ ሰው ሰዓት አያይም። ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሏል፣ እናት «ምነው አላለቀሰም?» ትላለች፣ ሌላዋ ወላድ ከጎን ትጣራለች። በኋላ ካርዱ ላይ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተጀመረ» ብሎ የሚጽፈው ባለሙያ እየዋሸ አይደለም፤ እውነት እንደዚያ መስሎት ነው። በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት 100 ሕፃናት ትንፋሽ እንዲጀምሩ ሲረዱ የተቀረጹ ፊልሞችን አየ፤ በ54ቱ ከመመሪያው ያፈነገጠ ነገር ተገኘ። ፊልሞቹ ላይ የሚታዩት ባለሙያዎች መሣሪያ የጎደላቸው ወይም ሥልጠና ያልደረሳቸው አልነበሩም።

ፊልም ሲታይ የሚወጡት ጉድለቶች ብዙ አገር ይመሳሰላሉ። ጭምብሉ ፊት ላይ ሳይገጥም አየሩ በጎን ይወጣል፣ ደረቱም አይነሣም። የተጀመረው አየር መስጠት ይቋረጣል፤ አንዱ የልብ ምት ሊያዳምጥ፣ ሌላው ጨርቅ ሊቀይር ይገባል። አፍና አፍንጫ መምጠጥ ደግሞ ይደጋገማል። እኔን በተለይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የሚመጥጠው ሰው እየሠራ እንዳለ ይሰማዋል፣ የሚያየውም ሰው እንደዚያው፤ ሕፃኑ ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ አየር አያገኝም።

ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የካትማንዱ ታሪክ ነው። በኔፓል ዋና ከተማ በሚገኘው ፓሮፓካር የእናቶችና የሴቶች ሆስፒታል ሕፃናት ከሚረዱባቸው ጠረጴዛዎች በላይ እንደ ጥበቃ ካሜራ ያለ መሣሪያ ተሰቀለ። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የሚያኮሩ አልነበሩም፦ መምጠጥና ኦክስጅን በሽ በሽ፣ አምቡ ባግ ግን ጥቂት፣ እሱም ዘግይቶ። ከዚያ «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» ተሰጠ። በሥልጠናው ብቻ አላቆሙም። ባለሙያዎቹ በየቀኑ በአሻንጉሊት ላይ አምቡ ባግ ይለማመዱ፣ የሠሩትን በቅጽ ይፈትሹ፣ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይነጋገሩ ነበር። በምጥ ጊዜ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ወሊድ ከ9.0 ወደ 3.2፣ በተወለዱበት ቀን የሚሞቱት ደግሞ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ5.2 ወደ 1.9 ወረደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። ሕፃናቱን ያተረፈው ካሜራው አይደለም። ካሜራው መለኪያ ነበር፤ ያተረፋቸው የየቀኑ ልምምድ ነው። ካሜራ ሰቅሎ ልምምዱን መተው የሚጠቅመው ካሜራ ሻጩን ብቻ ነው። በሞዛምቢክ ቤይራ ማዕከላዊ ሆስፒታልም ከኮርስ በፊትና በኋላ የተቀረጹ ፊልሞች ሲነጻጸሩ ሥራው መሻሻሉ ታይቷል፤ ግን ከሚገባው ደረጃ ገና ሩቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሰልጥኖ የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል እንደማይበቃ ፊልሙ ፊት ለፊት ተናገረ።

ወደ ስሙ እንምጣ። «የቪዲዮ ግምገማ» የሚለው ቀድሞ ወደ አፍ ይመጣል፤ ስህተትም የለበትም። ግን ቃሉ በእኛ መሥሪያ ቤቶች የኋላ ታሪክ አለው። ግምገማ ሲባል የመንግሥት ሠራተኛ የሚታየው ስብሰባ መሀል ቆሞ ራስን መውቀስ፣ ነጥብ መቀነስ፣ ከቦታ መነሣት ነው። «ዛሬ በቪዲዮ ትገመገሚያለሽ» የተባለች አዋላጅ ካሜራውን በፎጣ ብትሸፍነው እኔ አልፈርድባትም። «ቁጥጥር»ም ያው ነው። ክለሳ ግን ተማሪውም መምህሩም የሚያውቁት ነገር ነው፦ የተሠራውን ደግሞ አይቶ ማሻሻል። አሠራሩም ለስሙ መታመን አለበት። ፊልሙ የግል ማኅደር ውስጥ አይገባም፤ ለደረጃ ዕድገትም ለቅጣትም አይጠቀስም። ክለሳው ሲጀመር መጀመሪያ የምትናገረው እጇ ፊልሙ ላይ ያለው ናት፤ «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ያየሽውን ንገሪን» ተብሎ ይጀመራል እንጂ አለቃው ጣቱን እየቀሰረ አይደለም። ይህ ሥርዓት አንድ ቀን ከተጣሰ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ካሜራው ሥር እውነተኛ ሥራ አያሳይም።

የእናቲቱና የሕፃኑ መብትም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ፈቃዱ የሚጠየቀው በእርግዝና ክትትል ጊዜ ነው፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «እዚህ ጋ ፈርሚ» ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይባልም። ክርስትና እስኪነሣ፣ ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን እስኪሞላት፣ ልጃቸውን ለማያውቁት ዓይን ማሳየት የማይወዱ እናቶች አሉ፤ ይህንን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ባለሙያ ሥራውን ገና ሳይጀምር ያበላሸዋል። አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፤ ካሜራው ይጠፋል፣ ሕክምናው ግን አንዲት ሰከንድ አይዘገይም። ፊልሙ ኢንተርኔት በሌለው፣ በተቆለፈ ኮምፒውተር ይቀመጥና ከክለሳው በኋላ ይደመሰሳል። በማንም ስልክ ላይ አይገለበጥም፤ ቴሌግራም ላይማ አይታሰብም።

ካሜራ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሌላም ሥራ ስላለው ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅ። በኦክስፎርድ ጆን ራድክሊፍ ሆስፒታል የሕፃኑን ቆዳ ቀለም ረቂቅ ለውጥ በካሜራ እያነበቡ ገላውን ሳይነኩ የልብ ምቱን ለመቁጠር ተሞክሯል። በደብሊን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው መሣሪያ ሲታገዙ በመጀመሪያ ሙከራ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት የተቻለው በ74 ከመቶዎቹ፣ ያለ ካሜራ ግን በ45 ከመቶዎቹ መሆኑን አሳየ። ወላጅ ከቤቱ ሆኖ ልጁን በስልክ እንዲያይ የሚሰቀልም አለ። ሁሉም ጠቃሚ ናቸው፤ ክለሳ ግን አይደሉም።

ይህ ክለሳ ደብረ ብርሃን ላለችበት ለሰሜን ሸዋስ እንዴት ይሁን? የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የተመደበች አዋላጅ የወላዶቿ ቁጥር ጥቂት ሲሆን አምቡ ባግ ሳትይዝ ወራት ሊያልፏት ይችላሉ። እጅ ደግሞ ካልሠራ ይረሳል። አደጋው ሲመጣ የሚመጣው ሌሊት፣ ብቻዋን ሆና፣ ገደላገደሉን ዞሮ ሪፈር የሚያደርስ መኪና ገና ሲጠራ ነው። ስለዚህ እኔ ክለሳው ከትልቁ ሆስፒታል ጣሪያ ይጀመር አልልም። ከአሻንጉሊቱ ይጀመር። የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ የሚቀረጽ ፊልም የማንንም ልጅ አያጋልጥም፤ የእናት ፈቃድም፣ ልዩ ካሜራም፣ በጀትም አይጠይቅም።

የጤና ጣቢያ ወይም የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ከሆኑ በዚህ ሳምንት አንድ ስልክ ከአሻንጉሊቱ በላይ ያስደግፉ፣ ሰዓት የሚታይበት ቦታ ይምረጡ፣ ሁለት ባለሙያዎች 60 ሰከንዷን ይሥሩና ወዲያው አብረው ይዩት። የመጀመሪያው ተቀራጭ ራስዎ ይሁኑ።