ቡና የሚያልፍባት ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ የገባ እንግዳ፣ ረፋድ ላይ ሰው የሚበዛበትን ካፌ ጠይቆ ሲቀመጥ ልቡ አስቀድሞ ይርጋጨፌ ደርሷል። የዓለም ቡና ቀማሾች የአበባና የሎሚ ቃና አለው እያሉ የሚያወድሱት ቡና የሚለቀምበት ቀዬ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ግን በየትኛውም የአገሪቱ ከተማ የለመደው ገበታ ነው፦ እንቁላል ፍርፍር ወይም ፉል፣ የስንዴ ዳቦ፣ ከመጠን በላይ ከመቆላቱ የተነሳ የከሰል ጣዕም የያዘ ማኪያቶ። ከእንሰት የሚዘጋጁት የአገሬው ቆጮና ቡላ የሉም። እንግዳው ቅር ብሎት ይወጣል፤ ወቀሳውም ማሽኑ ላይ በቆመው ልጅ ላይ ይወርዳል።

ልጁ ላይ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። እሱ የተሰጠውን ቡና አፍልቷል። ለምን ያ ቡና እንደተሰጠው የሚያስረዳው ዲላ የምትገኝበት የጌዴኦ ምድር የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ለማያውቀው ዓይን ጫካ ይመስላል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ከሥራቸው ቡናው፣ በቡናው መካከል ሰፋፊ ቅጠል ያለው እንሰት፣ ከመሬቱ ጠጋ ብሎ ደግሞ ጎመንና ጎደሬ ይበቅላል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች ጋር ዕውቅና የሰጠው ይህንኑ የእርሻ ጥበብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በዚህ ጠባብና ተዳፋት የበዛበት ዞን 847,434 ሰው ተቆጥሯል። ይህን ያህል ሕዝብ ሊኖርበት የቻለው በእንሰት ነው። እንሰት ቤተሰቡን ይመግባል፣ ቡና ደግሞ ግብሩን ይከፍላል። ሁለቱ ተክሎች ከአንድ አፈር ቢበቅሉም መንገዳቸው የተለያየው ግብሩ ከመጣ በኋላ ነው።

የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢውን ሲይዝ፣ የያኔው አጠራር ‹ደራሳ› የሚለው የጌዴኦ ገበሬ ለወታደርና ለሹም ተከፋፍሎ ገባር ሆነ። ሲዳሞን ለረጅም ዘመን የገዙት የዐድዋው መድፈኛ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ። ከሰሜን ለመጣው ነፍጠኛ እንሰት የለመደው እህል አልነበረም፤ ቡናን ግን አስጭኖ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ገባሩ ቡና እንዲተክል፣ የተከለውን እንዲያበዛ፣ ካበዛውም እንዲያካፍል ተደረገ። የዚህን ዘመን የጌዴኦ ታሪክ በጥልቀት ያጠናው ቻርልስ ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናቱ ማዕከሉንና ዳር አገሩን ያስተሳሰረው ቡና እንደነበር አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሊረሳ የማይገባው ነገር፣ ቡናውን የሚያስጭኑት ሰዎች ራሳቸው ለቡና አዲስ መሆናቸው ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ብዙ የሰሜን ካህናት ቡና መጠጣትን ያወግዙ ነበር፤ ቡና በክርስቲያኑ ቤት የተለመደው በምኒልክ ዘመን ነው። የጌዴኦ ቡና እንግዲህ ለእነሱ ከመነሻው ለመሸጥ የተያዘ ሀብት ነበር እንጂ እንግዳ የሚስተናገድበት መጠጥ አልነበረም።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የደቡብ ቡና ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚደርስበት ጊዜ አጠረ። ከጌዴኦ እስከ ባቡር ጣቢያው ግን ሸክሙ የበቅሎና የአህያ ነበር። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ባልቻ ከራስ ተፈሪ ጋር ተጋፍተው ሹመታቸውን አጡ፤ ጥቂት ቆይቶም ግዛቱ ይርጋለምን በቆረቆሩት በራስ ደስታ ዳምጠው እጅ ገባ። የገዢው ስም ተለወጠ እንጂ ቡናው ወደ ሰሜን መጓዙ አልተቋረጠም።

ዲላ የዚህ ጉዞ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሳው፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው መንገድ ለብዙ ዓመታት መጨረሻው ዲላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ቡናውን በእንስሳ ጀርባ አምጥቶ ዲላ ያራግፋል፤ ከዲላ መኪና ይጭነዋል። ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ አቅራቢው፣ ሾፌሩና ተሸካሚው እዚህ ተገናኙ። መቀሸሪያው፣ ሚዛኑና መጋዘኑ ቆሙ፤ ለሚያድረው ነጋዴም አልጋና ምግብ ተዘጋጀ። ያን ምግብ የሚያዘው መንገደኛው ነውና ገበታው የመንገደኛውን ልማድ ያዘ። ጤፉም ስንዴውም ከሌላ አካባቢ ተጭኖ ይመጣል፤ ቡና የጫነው መኪና ወደ ላይ ሲወጣ እህል የጫነው ወደ ታች ይወርዳል።

የካፌው ወግ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የኤስፕሬሶ ማሽንና ማኪያቶ ከጣሊያኖች የቀሩ ልማዶች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ሲጀምር የማሽን ቡና የከተሜ መለያ ወደ መሆን እያመራ ነበር፤ ከዋና ከተማዋ ተነስቶም በየመንገዱ ዳር ወዳሉ ከተሞች ተዛመተ። አብረውት ወተቱ፣ ቦምቦሊኖውና የእንቁላሉ ሳንዱች ተጓዙ። ዲላ ከራሷ ጓሮ የተነሳውን ፍሬ በሌላ አገር የአጠጣጥ ወግ፣ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ተቀበለችው።

ገጠሩ በዚያው ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች የባለ ርስቶቹ ጥያቄ፣ በተለይም ከቡናው ላይ የሚወሰደው ድርሻ፣ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ተነሱ። ሚችሌ በተባለ ስፍራ ከነፍጥ ፊት የቆሙት በአብዛኛው ጦርና ገጀራ ይዘው ነው። ተሸነፉ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ይህ አመፅ በአገሪቱ የገበሬዎች ትግል ታሪክ ውስጥ ከባሌና ከጎጃም አመፆች ጎን ሊጻፍ ሲገባው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ የሚለካው በብር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያነብ መልካም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለ ርስቱን ከማሳው ላይ አነሳው። ገበሬው ያመረተውን እንደ ልቡ የመሸጥ ነፃነት ግን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ብራዚል ላይ የወረደው ውርጭ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የቡና ዛፎችን አጠፋና ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ጦርነት ላይ ለነበረው መንግሥት ቡና የመሣሪያ መግዣ ምንዛሪ ሆነ። ኮታ ተጣለ፣ የግል ነጋዴው ተገፋ፣ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ከቡና አገር የሚመጣ መንገደኛ ሻንጣው ተበርብሮ ለቤቱ ከያዘው ቡና ላይ ትርፉን የሚነጠቅበት ዘመን ነበር። ቡና በራሱ አገር ኮንትሮባንድ ሆነ። ያኔ ያደገ የዲላ ሰው ጥሩ ቡና ማለት የሚደበቅ ቡና መሆኑን እያየ ነው ያደገው።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መስፋፋታቸው ወደ ውጭ በሚላከውና በአገር ውስጥ በሚቀረው ቡና መካከል ያለውን ልዩነት አጠበቀው። ለታጠበ ቡና የሚፈለገው ቀይ እሸት ብቻ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ በአልጋ ላይ እየተገላበጠ ይደርቃል። ከስድስት ኪሎ እሸት የሚገኘው አንድ ኪሎ ገደማ ጥሬ ቡና ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ሴቶች ተደርድረው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ንጹሑ ፍሬ ወደ ውጭ ይላካል። በእነዚያ እጆች የተጣለው ፍሬ ደግሞ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ይወርዳል።

ይህን ለብዙ ጊዜ የቆየ አሠራር በሕግ ያጠበቀው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ ገበያ መሸጥ የተከለከለ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የሚጠጣው የራሷ ሕዝብ ነው፤ መንግሥት ደግሞ ዶላር ያስፈልገዋል። በዚያው ሰሞን ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዲላ ላይ መጋዘን ከፈተ። ናሙና ይወሰዳል፣ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ባለሙያዎች በማንኪያ እየቀመሱ ደረጃ ያወጡለታል። በከተማዋ ውስጥ ምርጡን ይርጋጨፌ በየዕለቱ የሚቀምሱ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ እነሱም ሥራቸው ነውና ቀምሰው ይተፉታል። ከዚያ ጆንያው ይታሸግና መኪና ላይ ይወጣል።

ካፌዎቹ የሚገዙት እንግዲህ ከቀረው ነው። የተጎዳ ፍሬ በለስላሳ አቆላል ጉድለቱን ያጋልጣል፤ አጥቁረው ሲቆሉት ግን ምሬቱ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ወተትና ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ይጠጣል። እንግዳው ያማረረው የከሰል ጣዕም መነሻው ይህ ነው።

ስሙም ቢሆን በትግል የተገኘ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ የአሜሪካው የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ መቀመጫው ሲያትል ከሆነው ስታርባክስ ጋር የተነሳው ሙግት በስምምነት የተቋጨው በ1999 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንም የአባላቱን ቡና ለውጭ ገዢ በቀጥታ መሸጥ ችሏል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ድሉ ሁሉ ግን ወደ ውጭ የሚመለከት ነው፤ የይርጋጨፌ ስም በሲያትል ሲከበር በዲላ ዋና መንገድ ላይ የሚፈላው ቡና በነበረበት ቀረ።

ስለ እንሰቱ ሕጉን ማሳበብ አይቻልም። ጌዴኦዎች ዋሳ የሚሉት ቆጮ በየቤቱ አለ፣ በየገበያው ይሸጣል፣ ‹ዳራሮ› በሚባለው የምስጋና በዓል ሰሞንም ከቤት አይጠፋም። ቡላው በቅቤ ተገንፍቶ ለአራስና ለክቡር እንግዳ ይቀርባል። ካፌ ውስጥ ያልገባው ለረጅም ዘመን የገጠር ምግብ ነው ተብሎ ስለተናቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆጮ የክብር ቦታ ያገኘው የጉራጌ ባለሙያዎች ክትፎ ቤት ከፍተው ከክትፎና ከአይብ ጋር በጣባ ስላቀረቡት ነው፤ ዛሬ ሰው ወረፋ ይዞ ይበላዋል። የዲላ ባለ ካፌዎች ይህን የማያደርጉበት በቂ ምክንያት የለም። ሙያው በእናቶቻቸው እጅ ነው፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህርም፣ ከየአገሩ የሚመጣው መንገደኛም ደንበኛቸው ነው።

ጥሩው ቡና ከጌዴኦ ፈጽሞ አልጠፋም። ገበሬው ቀይ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ሸጦ የተወሰነውን ከነልጣጩ ያደርቅና ጀንፈል አድርጎ ቤቱ ያኖረዋል። ጀንፈሉ የቁጠባ ደብተሩ ነው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለሕክምና፣ ለለቅሶ ጥቂት ጥቂት እየተሸጠ ዓመቱን ያሻግራል። ከዚያው ተወቅጦ፣ ተቆልቶ ጎረቤት ይጠራበታል። በአንድ የወናጎ ወረዳ ገበሬ ቤት የሚጠጣ ስኒ ዲላ መሐል ካለ ማሽን ከሚወጣው የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡና ግብይቱን አላልቶ የቡናው መነሻ እስከ ውጭ ገዢው ድረስ እንዲታወቅ መንገድ ከፍቷል። ለአገር ውስጡ ጠጪ ግን ያን ያህል አላሰበም። አሁን የትክል ድንጋይ ሥፍራዎቹን ጨልባ ቱቱቲንና ቱቱ ፈላን ለማየት የሚመጣ እንግዳ በዲላ ያልፋል ወይም ያድራል፤ ዲላም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። በአምራች አካባቢ ላሉ ካፌዎች በፈቃድና በመጠን የተወሰነ፣ ደረጃው የወጣለት ቡና ከዩኒየኑ በቀጥታ እንዲገዙ ቢፈቀድ አገሪቱ የምታጣው ምንዛሪ እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና መቶ ያህል የማሽን ስኒ ይወጣል። ለውጭ ገበያ የሚታሸገው አንድ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ በቀን መቶ ስኒ ለሚሸጥ ካፌ ሁለት ወር ሙሉ ይበቃዋል።