ሊሾ

ሊሾ በኢትዮጵያ የሲሚንቶ ወለልን አለስልሶ የመጨረስ ሥራም፣ በዚህ መንገድ የተሠራው ወለልም የሚጠራበት ስም ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ለስላሳ» ማለት ነው። በጎጃም ገጠር ብዙ ቤቶች የአፈር ወለል አላቸው፤ በእበትም ይለቀለቃል። በደብረ ማርቆስና እንደ ሮብ ገበያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ግን ሊሾ ከሴራሚክ ስለሚረክስ ይመረጣል።

አሠራር

መሬቱ ተደልድሎ ድንጋይ ይነጠፍበታል፤ በላዩም ኮንክሪት ይፈስሳል። ሊሾው 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት የሚዘረጋው የላይኛው ንብርብር ነው። በቀጥ ያለ ጣውላ ይስተካከላል፤ በእንጨት ማለስለሻ ይታሻል፤ መጨረሻ ላይ በብረት ማለስለሻ ይለሰልሳል።

ከባዱ ነገር ጊዜውን መጠበቅ ነው። ቡኮው ከተዘረጋ በኋላ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል። ይህ ውሃ ሳይጠፋ በብረት ከታሸ ወለሉ ለጊዜው እንደ መስታወት ያበራል፤ ከወራት በኋላ ግን አቧራ ያወጣል ወይም ይላጣል። ውሃውን ለመምጠጥ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም ያንኑ ችግር ያመጣል። ሰው ሲቆምበት እግሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ሲሰምጥ በእንጨት፣ ጣት ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ደግሞ በብረት ይታሻል። የውሃውም መጠን ወሳኝ ነው፦ ለ50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ፣ እርጥብ አሸዋ የያዘው ጭምር፣ 25 ሊትር ገደማ ይበቃል። ማቡካቱ እንዲቀል ተብሎ የሚጨመረው ውሃ ጥንካሬውን ይቀንሳል።

ለመጸዳጃ ቤትና ለደረጃ በብረት ማለስለስ አይመከርም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

በደጋ አየር

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ ብርድ ይህን ለውጥ ያዘገየዋል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ የበጋ ሌሊት ውርጭ ሊጥል ሲችል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የወለሉን ፊት ቶሎ አድርቀው ይሰነጥቁታል። ስለዚህ ሥራው ጠዋት ተጀምሮ ሌሊት በላስቲክና በገለባ ይሸፈናል፤ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ ይጠበቃል።

ከጤና ጋር ያለው ግንኙነት

ምሥራቅ ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ጋር ይያያዛል። ሊሾ ቤት ውስጥ እግርን ከአፈር ይለያል፤ ጫማንና እግር መታጠብን ግን አይተካም። የተሰነጠቀ ሊሾ አፈርና ቁንጫ ስለሚይዝ ስንጥቁ ተፈልፍሎና ታጥቦ እንደገና ይሞላል፤ ከላይ ብቻ የተቀባ ስስ ሲሚንቶ ቶሎ ይላጣል።