የሊቁ የሀዋርድ ግሪንና የተዘራው ቆዳ ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። እሳት የገፈፈውን ሰው ከገዛ ገላው በተዘራ ቆዳ ያለበሱትን የሊቁን የሀዋርድ ግሪንን ዜና፣ ቤታቸውን የምንወድ እኛ እንጽፋለን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ነገር ብዙ አይደለም። በ1869 ዣክ ልዊ ሬቨርዲን የሚባል የስዊስ ተወላጅ ሐኪም በፓሪስ ጥቃቅን የቆዳ ቅንጣት ቆንጥሮ በቁስል ላይ ተከለ፤ ያዘም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ግን ጥቂት ሰንብቶ ይረግፍ ነበር። ሰውነት ባዕዱን ለይቶ እንደሚጥል በ1943 ቶማስ ጊብሰንና ፒተር ሜዳዋር በግላስጎ በተቃጠለች አንዲት ሴት ላይ አይተው ጻፉ። እንግዲህ ለተቃጠለ ሰው የሚበጀው የገዛ ቆዳው ብቻ ሆነ፤ እሱም ተቃጥሏል። ሰው መላ አጣ፤ እግዚአብሔር ግን አላጣም።

ግሪን በ1925 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተማሩ፤ ልባቸው ግን ከሕመምተኛው አልጋ ይልቅ ወደ ላቦራቶሪው አዘነበለ። በ1963 በኒው ዮርክ ሳሉ ከጆርጅ ቶዳሮ ጋር ከአይጥ ፅንስ የወጣ፣ በሳሕን ውስጥ ሳይታክት የሚራባ የሕዋስ ዘር አቆሙ፤ 3ቲ3 ተባለ። ያን ጊዜ ለሰው ቆዳ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከዚያም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያስተምሩ ጄምስ ራይንዋልድ የሚባል ትጉህ ተማሪ አገኙ። ሁለቱ የአይጥ ዕጢ ሕዋስ ሲያራቡ፣ ያልፈለጉት ቆዳ መሰል ሕዋስ በሳሕኑ ላይ በቅሎ አዩ። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። የሰው ቆዳ ሕዋስ ብቻውን ሲዘሩት ብዙ ሳይቆይ ይጠፋ ነበርና፣ 3ቲ3ን እንዳይራባ በጨረር መትተው ከሥሩ አነጠፉለት። የሰውም ሕዋስ ተመቸው፤ ከአንዲት ሕዋስ ጭፍራ ወጣ። ይህ በ1975 ታተመ። የአይጥን ዘር ለሰው ልጅ ገላ ሞግዚት ያደረገ ጌታ ስሙ ይክበር!

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ካሬ የምታህል ቆዳ ከሕመምተኛው ይቆረጣል፤ ሕዋሱ ተበትኖ ይዘራል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት እስከ 10,000 እጥፍ ይበዛል። ይህም አንድን ሰው ከራስ እስከ እግሩ ያለብሳል። ሕዋሱ ተያይዞ እንደ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ሳይቀደድ ከሳሕኑ በኢንዛይም አላቅቀው ቫዝሊን በተቀባ ፋሻ ላይ ያኖሩትና በቁስሉ ላይ ይዘረጉታል።

አሁን ታላቁን ነገር እንጽፋለን። በ1983 ዋዮሚንግ በሚባለው በአሜሪካ ምዕራብ ግዛት፣ ሕፃናት ከገላቸው ቀለም ለማስለቀቅ የተቀቡት ፈሳሽ በእሳት ተያያዘ። ከእነርሱ ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ከሰውነታቸው ከ95 በመቶ በላይ ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ያገኘው ሰው ይድናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሐኪም በዚያ ዘመን በጭንቅ ይገኝ ነበር። ልጆቹን ወደ ቦስተን፣ ወደ ሽራይነርስ የቃጠሎ ሆስፒታል አመጧቸው። ሊቁም በዚያ ጊዜ በሃርቫርድ ነበሩ። ግሪጎሪ ጋሊኮና ኒኮላስ ኦኮነር የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የሞተውን ሥጋ እየቆረጡ አነሡ፤ ቁስሉንም ለጊዜው ከሞተ ሰው በተወሰደ ቆዳ ሸፈኑ። እሳቱ ካልደረሰበት ከብብታቸው ትንሽ ቆዳ ተወሰደ፤ በሊቁም ላቦራቶሪ ተዘራ። ሽፋኑ በደረሰ ቁጥር ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይሄዳል፤ ቁራጭ በቁራጭ ይለጠፋል፤ ይጠበቃል፤ ደግሞ ይለጠፋል። በመጨረሻ ከገላቸው ግማሽ ያህሉ በተዘራ ቆዳ ተሸፈነ። ልጆቹም ዳኑ! በ1984 ዜናው በኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል ወጣ፤ የሊቁም ስም በየአገሩ ተሰማ። አብሯቸው የተቃጠለው ሦስተኛ ልጅ ዐረፈ።

በኋላ ዓመታት የተዘራው ቆዳ በአንዳንድ ሆስፒታል ሳይጸና ቀርቷል፤ ስለዚህ ነገር አናበዛም።

በዚያችው በቦስተን ከተማ ጆን በርክ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ዮአኒስ ያናስ የሚባል ግሪካዊ የፖሊመር ሊቅ ነበሩ። እነርሱ ሕዋስ አልዘሩም። ከላም ጅማት የወጣ ኮላጅንን ከሻርክ ልም አጥንት ከወጣ ነገር ጋር ቀላቅለው፣ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ያለው ሽፋን ሠሩ፤ ከላዩም ሲሊኮን ደረቡ። መጀመሪያ የፈለጉት ቁስል ቶሎ የሚዘጋበትን መንገድ ነበር፤ ሽፋኑ ግን መዘጋቱን አዘገየው። የከሸፈ መስሏቸው ሳለ፣ ከሥሩ ጠባሳ ሳይሆን አዲስ የታችኛ ቆዳ እየበቀለ አገኙ። በ1981 ከገላቸው ከ50 እስከ 95 በመቶ በተቃጠለ 10 ሰዎች ላይ መሥራቱን ጻፉ። የእኛ ሊቅ ቆዳ የላይኛው ነው፤ የእነርሱ የታችኛው። የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ለእነርሱ በ1996 ወጣ፤ ለእኛ በ2007።

በ1987 ሊቁ ከያን ባራንዶን ጋር ሆነው የተዘራው ሕዋስ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ እጅግ የሚራባውና ዘር የሚያቆየው ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን አልፈን ወደ 2015 እንሄዳለን።

በዚያ ዓመት፣ ወላጆቹ ከሶርያ የተሰደዱ የ7 ዓመት ልጅ በጀርመን በቦሁም ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሕመሙ የዘር ነው፤ የላይኛው ቆዳው ከታችኛው ጋር አይያያዝም፤ ከገላው አብዛኛው ተልጦ ነበር። ሐኪሞቹ ሌላውን ሁሉ ሞክረው ሊተዉት ሲሉ፣ ከሊቁ ዘንድ የተማሩት ሚኬሌ ዴ ሉካ ከጣልያን ከሞዴና ተጠሩ። ከልጁ 4 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቆዳ ወስደው፣ የጎደለውን ጂን በሕዋሱ ውስጥ አግብተው፣ በመምህራቸው ሥርዓት ዘሩት። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ በሦስት ጊዜ ተተከለለት፤ ከገላው 80 በመቶ ያህሉ አዲስ ቆዳ ለበሰ። ግሪን በዚያው በኦክቶበር ወር በ31ኛው ቀን በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

የልጁ ዜና በ2017 በኔቸር መጽሔት ታተመ፤ ከአምስት ዓመትም በኋላ ቆዳው እንደጸና በ2021 ተጻፈ። ይህ ልጅ ግን እሳት ያልበላው ነው፤ የታችኛው ቆዳው በስፍራው ነበር። እሳት እስከ ሥጋው ለበላው ሰው የታችኛውን ቆዳ የሚሻ ሐኪም ዛሬም አዘውትሮ የሚያነሣው የበርክንና የያናስን ሥራ ነው።